በቤት ተቀምጦ ስለ መሥራትና ስለ ሁለት ውሾቼ

በልጅነታችን ሥራ ማለት ከቤት መውጣት ማለት ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴው ወደ ገበያው፥ ጸሐፊው ወደ መሥሪያ ቤቱ፥ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ማልዶ ይሄዳል፤ ማታም ሲመለስ እግሩን ያደከመው ብዙ ጊዜ ሥራው ሳይሆን መንገዱ ነበር። በቀን ቤት የሚውል ወንድ ቢገኝ ወይ ታሟል፥ ወይ ተጣልቷል፥ ወይ ሰንፏል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ይህን ስናገር እናቶቻችንን ረስቼ አይደለም። እነርሱ ቤት ይውሉ ነበር፤ ነገር ግን እህል የምትፈጭ፥ ውሃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ሴት ቤት ተቀመጠች ቢባል ከእውነት የራቀ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጦ፥ አንድ ወጣት ከአልጋው ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ከተራመደ ከሥራ ቦታው ደረሰ ይባላል። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲመሽም ዘግቶት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ይተኛል። ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል ብዙዎቻችሁ እንዲህ እንደምትኖሩ ስለማውቅ፥ እኔም በሽምግልናዬ እንዲሁ ኖሬ ስለ ተጐዳሁበት፥ የደረሰብኝን እንደ ወረደ ልነግራችሁ አሰብሁ። እግረ መንገዴንም ስለ ሁለት ውሾቼ መናገሬ አይቀርም፤ እውነቱን ለመናገር ከወንበሬ ያስነሡኝ ሐኪሙም መጻሕፍቱም ሳይሆኑ እነርሱ ናቸው።

ዘመኑ 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔም በዚያው ዓመት 60 ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ የምወጣበት ጊዜ ስለ ነበር፥ ተማሪዎቼን በወጉ ሳልሰናበት፥ ጠመኔዬን ከጠረጴዛው ላይ እንደ ተውሁት ቀረሁ። የጡረታ ገንዘብ ለብቻው ቤት እንደማያቆም የታወቀ ነው። ስለዚህ የመጻሕፍትን ረቂቅ የማረምና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ከአሳታሚዎች እየተቀበልሁ በቤቴ መሥራት ጀመርሁ።

ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። ደወል የለም፥ ስብሰባ የለም፥ ታክሲ መጠበቅ የለም። ጧት በ1 ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ምሳዬን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እበላለሁ፤ ሲመሽ መብራት አብርቼ እቀጥላለሁ። 38 ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ መቀመጥ እንደ ሹመት ሆኖ ታየኝ። ሰው ስለ ትጋቴ ሲያመሰግነኝም ልቤ ያብጥ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ፤ ከወንበር ስነሣ ጉልበቴን በእጄ መደገፍ ጀመርሁ፤ ወደ እድር ስብሰባ ስሄድ በአንዲት አጭር ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ አየር መሳብ ግድ ሆነብኝ። ይህን ሁሉ በዕድሜ አመካኘሁ። በመጨረሻም ሐኪም ዘንድ ሄጄ ብመረመር የደም ግፊቴም በደሜ ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ካስተማርኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ሊበልጡት የሚችሉ ወጣት ነበር። «አባቴ፥ በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አሰብሁና «ከመኝታዬ እስከ ጠረጴዛዬ» አልሁት። እርሱ ሣቀ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

መቀመጥ ሰውን እንደሚጐዳ ማወቅ የዛሬ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፥ በ1713 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ውስጥ፥ ጸሐፊዎች የሚታመሙበት ምክንያት ሦስት መሆኑን ገልጿል፤ አንደኛው ዘወትር መቀመጥ፥ ሁለተኛው እጅን ያለ ዕረፍት ማንቀሳቀስ፥ ሦስተኛው ስሕተት እንዳይገኝባቸው በመጠንቀቅ አእምሮን ማስጨነቅ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ራማዚኒ እኔን በመስኮት አይቶ የጻፈ ሊመስለው ይችላል። ከዚያም ወዲህ በ1953 እ.ኤ.አ. ጄረሚ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በእንግሊዝ አገር አንድ ድንቅ ምርመራ አሳተመ። በዚያን ጊዜ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሁለት ሁለት ሠራተኛ ነበራቸው። አንዱ ሾፌር ነው፥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ሁለተኛው ቲኬት ቈራጭ ነው፥ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፥ በአንድ መንገድ፥ በአንድ ከተማ ጢስ ውስጥ ይሠራሉ፤ የልብ በሽታ ግን በሾፌሮቹ ላይ ከቲኬት ቈራጮቹ ይልቅ በርክቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ በእግራቸው ደብዳቤ የሚያድሉትን የፖስታ ሠራተኞች በቢሮ ከሚቀመጡት ጸሐፊዎች ጋር ባመዛዘኑ ጊዜም ነገሩ ያው ሆነ።

ምክንያቱ ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ እየጠነከረና እየላላ ወደ እግር የወረደውን ደም ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሚሠራ ጡንቻም ከደም ውስጥ ስኳርን እየሳበ ያቃጥላል። ስንቀመጥ ይህ ሁሉ ያንቀላፋል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፥ በሳምንትም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል፤ 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ ከመውደቅ እንዲድኑ ሚዛንን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ይጨምርላቸዋል። 150 ደቂቃ ለ7 ቀን ቢካፈል በቀን 22 ደቂቃ ያህል ነው። የሒሳብ አስተማሪ ባልሆንም ይህ ብዙ አለመሆኑ አልጠፋኝም። ይህን ሁሉ ሐኪሙ ከመከረኝ በኋላ በትጋት አነበብሁ፤ ያነበብሁትም ተቀምጬ ነው።

እውቀት ብቻውን ሰውን ከወንበር እንደማያስነሣ እንግዲህ እኔ ምስክር ነኝ። ነገሩ የቈየ ጠባዬ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጧት ጧት ጅምናስቲክ፥ ከሰዓት በኋላም በአትክልት ቦታ መቈፈር ግዴታ ነበር። የውጭ አገር አስተማሪያችን ፊሽካ እየነፉ «አንድ፥ ሁለት» ሲሉ እጃችንን ወደ ሰማይ እንዘረጋለን። እኔ ይህን እንደ ባርነት እቈጥረው ስለ ነበር፥ ሆዴን ቈረጠኝ እያልሁ በየሳምንቱ ከሕመምተኞች ክፍል እተኛ ነበር። ነርሷ ውሸቴን ታውቀው እንደ ነበር አሁን ይገባኛል፤ መራራ መድኃኒት በማንኪያ እየሰጠች አንድም ቀን ሳትቈጣ ታሰናብተኝ ነበር። አድጌ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ደግሞ ለልጆች ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅም አስተምራለሁ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ በእግሩ እንዲንቀሳቀስ በተደረገ ጊዜ ተማሪዎቼን ስለዚሁ ድርሰት አስጻፍኋቸው፤ እኔ ግን ከቤቴ አልወጣሁም።

አያቴ የደብር አገልጋይ ነበሩ። ሚሲዮን መግባቴን አልወደዱትም፤ ሆኖም ለዕረፍት በመጣሁ ቍጥር ሳይነቅፉ ይቀበሉኝ ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ማኅሌት ሲቆሙ ያድራሉ፤ በዐቢይ ጾም ይሰግዳሉ፤ በስቅለት ቀን ከጧት እስከ ማታ ሲወድቁና ሲነሡ ይውላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ከመሬት ሲነሡ በእጃቸው አይደገፉም ነበር። እኛ በሚሲዮን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን መዘመር ተማርን። ለነፍስ የትኛው ይሻላል የሚለውን ለሊቃውንት ልተወው፤ ለጉልበት ግን የአያቴ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ውሾቹ ልመለስ። ቤቴ ከእንጦጦ ግርጌ፥ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ነው። በዚያ ሰፈር ሌሊት ጅብ ከባሕር ዛፉ ጫካ ወርዶ ሲጮኽ ይሰማል፤ ስለዚህ ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ቡቺን ገና ቡችላ ሳለ በ2009 ዓ.ም. አመጣሁትና ከበሩ አጠገብ ካለው የጽድ ግንድ በ3 ሜትር ሰንሰለት አሰርሁት። ሌላው ሰው ውሻውን ቀን አስሮ ማታ ይፈታዋል፤ እኔ ግን ለጐመኔና ለካሮቴ ሳስቼ ፈትቼው አላውቅም። ዳማ ደግሞ ልጄ በ2013 ዓ.ም. ከመንገድ አንሥታ ያመጣቻት ቀይ ውሻ ናት፤ በፈረስ ቀለም ስም የጠራኋት እኔ ነኝ። እርሷም በሌላው ግንድ ታሰረች።

በእኛ አገር ውሻ ዘበኛ እንጂ ባልንጀራ ሆኖ አይቈጠርም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይባረራል፤ ሰው ሰውን ሊሰድብ ሲፈልግ በእርሱ ስም ይጠራዋል፤ የቆሎ ተማሪም ለልመና ሲወጣ በትር የሚይዘው እርሱን ፈርቶ ነው። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፏል። ይህን መጽሐፍ በሚሲዮኑ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘሁትም፤ የነገሩኝ አያቴ ናቸው። መልአክና ውሻ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ማሰብ ልጅ ሳለሁ በጣም ያስደንቀኝ ነበር። አስተማሪ ከሆንሁ ጀምሮ ግን ረስቼው ኖርሁ።

በ2015 ዓ.ም. በመስከረም ወር ልጄ ለዐውደ ዓመት መጥታ ከግቢው ቆማ ቡቺን ስታይ ቈየችና፥ «አባዬ፥ ይህ ውሻ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እርሷም አልጠበቀችም፤ ሄዳ ሁለቱንም ፈታቻቸው። ዳማ እንደ ቀስት ተወርውራ ካሮቴን ትምስ ጀመር። ቡቺ ግን ቆመ። በግንዱ ዙሪያ ስድስት ዓመት ሲመላለስበት ሣር ያልበቀለበት ክብ መሬት ነበር። ጥቂት ተራመደና ከክቡ ጠርዝ ሲደርስ ዞረ፤ እንደ ገናም ተራምዶ ዞረ። ጠራሁት። ጅራቱን ቈላልኝ፤ ነገር ግን ከጠርዙ እግሩን አላሳለፈም። ልጄ ሥጋ ይዛ ብትጠራውም አልሆነም። እያለቀሰች ወደ ቤት ገባች። እኔም ሥራዬን ልቀጥል ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁና ምንጣፉን አየሁት። ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው፥ ከጠረጴዛው እስከ በሩ፥ በእግሬ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግሥቱ ሁለት ገመድና የአንገት ማሰሪያ ገዛሁ። ቡቺ በሦስተኛው ቀን ዳማን ተከትሎ ከክቡ ወጣ፤ በሳምንቱ ከበሩ ወጣን። የአንድ ሽማግሌ መምህር ውሻ እየሳበ በጧት መዞር በሰፈራችን እንደ ትያትር ታየ። ሕፃናት ተከተሉን። አንድ የዕድሜ እኩያዬ ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ፥ «መምህር፥ በስተርጅና ፈረንጅ ሆኑ እንዴ?» አለኝ። አፈርሁ፤ በበነጋው ሰው ሳይነሣ በ11 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። ማፈሬ ግን ጠቀመኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት አየሩ ጥሩ፥ መንገዱም ከመኪና ነጻ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ ጐዳናው ማዕዘን ሄደን ተመለስን፤ እኔ ስተነፍስ ቡቺ ስለ መኪና ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም የምናሳዝን ነበርን። በሁለት ወር ውስጥ ግን ያችን የእድር ዳገት ሳልቆም መውጣት ቻልሁ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ እወድ ነበር። በኅዳር ወር አንድ ቀን ጧት ከሥራዬ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን እንደምለው እያሰብሁ ስሄድ ገመዱን ላላ አድርጌ ይዤው ነበር። የጎረቤቴ ልጅ፥ 9 ዓመቱ ነው፥ ዳቦ ሊገዛ ከበስተኋላችን እየሮጠ መጣ። ቡቺ ደንግጦ ዞረና ባቱን ነከሰው። ልጁ ምንም አላጠፋም። ስድስት ዓመት ታስሮ የኖረ፥ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ ያልተማረ ውሻም ምን ይፈረድበታል? ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያም የባሰው፥ ቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ከተከተበ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በየዓመቱ ማስከተብ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የታሰረ ውሻ በሽታ ከየት ያመጣል ብዬ ችላ አልሁት።

ልጁን አቅፌ ወደ ግቢዬ አስገባሁና ቍስሉን ከቧንቧ ሥር በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጠብሁት። ይህ ከሁሉ የሚቀድም ነገር ስለ ሆነ እናንተም እንዳትረሱት፤ ቍስሉን በአረቄ ወይም በቅጠል ለማከም ጊዜ አታጥፉ፤ በብዙ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ክትባቱ ከተሰጠ ግን ያድናል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ክትባት ስለ ሰጠው ስለ ዮሴፍ ማይስተር በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬ ነበር! እርሱም 9 ዓመቱ ነበር። በጤና ጣቢያው ልጁ መርፌውን ጀመረ። ሐኪሟ ለእኔ ደግሞ፥ «ውሻውን አይግደሉት፥ አይልቀቁትም፤ 10 ቀን ይጠብቁት። 10 ቀን በጤና ከቈየ በነከሰው ጊዜ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው» አለችኝ።

በእነዚያ 10 ቀኖች አንድም ገጽ አላረምሁም። የልጁ እናት በየጧቱ ከበሩ ውጭ ቆማ፥ «ጋሼ፥ ውሻው አደረ?» ትላለች። «አድሯል፥ ልጄ» እላታለሁ። «በላ?» «በልቷል።» ከዚያ ሌላ ቃል ሳትናገር ትሄዳለች፤ ግቢ ግቢ ብላት አትገባም። አልተሳደበችም፥ አልከሰሰችም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጧት ቡቺ ምግቡን አሽትቶ ተወው። ልቤ ተሰበረ። እናትየው መጥታ እንደ ልማዷ «በላ?» ባለችኝ ጊዜ «በልቷል» አልኋት። ሄደች። ከበሩ አጠገብ እንደ ቆምሁ ያ የሚሲዮኑ ሕመምተኞች ክፍልና የነርሷ ማንኪያ ትዝ አለኝ። 62 ዓመት ሞልቶኝ አሁንም ሆዴን ቈረጠኝ እያልሁ ነው። ቤቷ ከእኔ ቤት በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው፤ እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም፥ መንገድ ላይ ግን አልቆምሁም። በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ጠቈረ። «ዋሽቼሻለሁ፤ አልበላም» አልኋት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ ግቢዬ ገባች። ወንበር ባወጣላት አልተቀመጠችም። ሁለታችንም ከውሻው ትይዩ ቆመን ዋልን። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቡቺ ተነሥቶ ወደ ውሃው ሄደና እስኪበቃው ጠጣ፤ ቀጥሎም ምግቡን በላ። ያበደ ውሻ መዋጥ እንደሚቸግረው ሁለታችንም ሰምተን ስለ ነበር፥ ሲጠጣ ጕሮሮውን እናይ ነበር። እርሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ወደ እኔ ዞራም፥ «ጋሼ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ባይበላ አልበላም ይበሉኝ» አለችኝ። 10ኛው ቀን አለፈ። ልጁም የቀረውን መርፌውን ጨርሶ ዳነ፤ በባቱ ላይ ግን ሁለት ጠባሳ አለ።

ከዚህ በኋላ ውሾቹን መልሼ ባስራቸው የሚፈርድብኝ አልነበረም። ይልቁንም የሚፈረድብኝ ባላስራቸው ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም መጥተው ይህንኑ መከሩኝ። እኔ ግን ልጁን ያስነከሰው ማሰሬ እንጂ መፍታቴ አለመሆኑን ተረድቼ ነበር። ሁለቱንም አስከተብሁ፤ ለቡቺ የአፍ መሸፈኛ ገዛሁለት፤ ገመዱን በአጭሩ መያዝ፥ ሰው ሲመጣም ቆሞ ማሳለፍ ተማርሁ። ልጁ ከበሩ ቆሞ ለብዙ ቀን ሲያየን ከቈየ በኋላ አንድ ቅዳሜ እናቱ ራሷ ይዛው መጣች። «ውሻ ሲያይ እየተንቀጠቀጠ እንዳይቀር፥ እርስዎ አለማምዱት» አለችኝ። ከልቤ ያልጠፋ ቃል ነው።

ሥራዬን ከውሾቹ ጋር እንዴት እንዳስማማሁት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ሊጠቅም ይችላል። ጧት ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 40 ደቂቃ ያህል ዳገት እንወጣለን። ከዚያ በኋላ እቀመጣለሁ፤ ነገር ግን በየ45 ደቂቃው የምትጮኽ ሰዓት አለችኝ። ሰዓቷን ቸል ብላት ዳማ ቸል አትለኝም፤ ድምፁን ለይታ ስላወቀችው መጥታ በአፍንጫዋ ክርኔን ትመታዋለች። የታረመውን ጽሑፍ ድምፄን አሰምቼ የማነበው በግቢ ውስጥ እየተመላለስሁ ነው፤ ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋልና ሥራውም ተሻለ። ከምሳ በኋላ ወዲያው አልቀመጥም፤ ስኳር በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ያን ጊዜ ስለ ሆነ 15 ደቂቃ እንዞራለን። ለጡንቻዬም ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይዤ አትክልት አጠጣለሁ። ሚዛንን ለማለማመድ በአንድ እግሬ ቆሜ ጫማዬን አደርጋለሁ፤ በመጀመሪያ ግድግዳ መያዝ ያስፈልገኝ ነበር። ከወንበር ላይ እጄን ሳልደገፍ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥም አለ፤ ይህን ሳደርግ ሁለቱ ውሾች ልንወጣ ነው ብለው በየጊዜው ይነሣሉ፥ በየጊዜውም ያፍራሉ።

ውሻ ባለበት ቤት መሥራት ችግር የለውም አልልም። እናንተ በስልክ ስብሰባ ስትነጋገሩ መጮኹ አይቀርም፤ ቤት መዋላችሁንም ለእርሱ ብላችሁ የዋላችሁ ይመስለዋል። የደከመ ውሻ ግን ዝም ይላል፤ ስለዚህ ከሥራ በፊት መሮጥ ለሁለታችሁም ይበጃል። ይህን አንብቦ ነገ ውሻ ለመግዛት የሚነሣ ካለ ግን ይቈይ። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ቡችላ ይዘው የሚሸጡ ወጣቶችን አይታችሁ ይሆናል። ቡችላ ያምራል፤ ነገር ግን ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር፥ ሊታመም፥ ሊያረጅ ይችላል። ለገዛ ጤናው ብቻ ሲል ውሻ የሚያመጣ ሰው ዝናም ሲጀምር ያስረዋል፤ ይህን የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው።

ስለ ክትባት አንድ ነገር ልጨምር። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ በዕድሜ የበሰሉት ተቈጥረው 500 አይሞሉም። ይህን ጥቂት ፍጥረት ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ ሰዎች ሳያስከትቡ ከለቀቋቸው ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ብዙዎቹ በዚሁ አልቀዋል። የአንድ ሰው ቸልተኛነት ከግቢው አጥር ውስጥ ብቻ የሚቀር እየመሰለን እንሳሳታለን።

ሐኪሙ ባለፈው ጊዜ ሲመረምረኝ ስኳሩ ወርዶ አገኘው። የደም ግፊት ኪኒኔን ግን አሁንም እወስዳለሁ፤ እግር መድኃኒትን ይረዳል እንጂ ሁልጊዜ አይተካውም። ቀበቶዬ ከሁለቱ ቀዳዳዎች በአንዱ ተመልሷል። ሰንሰለቱን የግቢውን በር ማታ ማታ እቈልፍበታለሁ።

ቡቺ አሁን 9 ዓመቱ ነው። የኋላ እግሮቹ ስለ ደከሙ በዳገቱ እኩሌታ ላይ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ይቀመጣል። 12 ዓመት የሆነው ልጅ ዳማን ይዞ ከባሕር ዛፉ ድረስ ይሮጣል፤ እኔና ቡቺ ድንጋዩ ላይ ሆነን ከተማው ሲነጋ እናያለን። ዛሬ ጧት ግን ከድንጋዩ ስንደርስ ቡቺ አሸተተውና ሳይቀመጥ አለፈ። ገመዱን አላልቼ ተከተልሁት። ልጁ ከላይ ሆኖ፥ «ጋሼ፥ ዛሬ ትመጣላችሁ እንዴ?» ብሎ ተጣራ።

«ቀስ እያልን ነው፤ ጠብቁን» አልሁት።